የፍልሰታ ማር

ወረታ ውስጥ የሞተ ሰው ሁሉ ዞሮ ዞሮ በእኔ ጠረጴዛ በኩል ያልፋል። ሥራዬ ፍርድ ቤት መዝገብ መክፈት ነው። ሰው ይሞታል፣ ይቀበራል፣ ሰልስቱ ይወጣል፣ ከዚያ ልጆቹ የወራሽነት ማረጋገጫ ፍለጋ ይመጣሉ። ለቅሶው ላይ ተቃቅፈው ያለቀሱ ወንድማማቾች እኔ መስኮት ጋ ሲደርሱ አንዱ የሌላውን ፊት አያይም። መጀመሪያ ሰሞን አንጀቴን ይበሉት ነበር። አሁን ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ሰልችተውኛል። «እህቴ፣ አባታችን የተናዘዙት ለእኔ ነው» ሲለኝ አንዱ፣ ቀና ብዬም አላየው፤ «ምስክር አለህ?» ብዬ እጄን እዘረጋለሁ።

ባለፈው ግንቦት ግን አንድ ሽማግሌ ጉድ አደረጉኝ። መዝገብ ላቀብል ችሎት ገብቼ ቆሜያለሁ፣ እሳቸው ይመሰክራሉ። ክርክሩ ስለ ጡት ልጅ ነው። ልጅ ያልወለደ ሰው የሰው ልጅ ተቀብሎ «ልጄ ነው» ብሎ ሞቷል፤ የሥጋ ዘመዶቹ ደግሞ አናውቀውም ብለዋል። ዳኛዋ «እንዴት አድርጎ ነው ልጁ ያደረገው?» ብለው ጠየቋቸው።

«እንዴት ይሆናል፣ እንደ አገሩ ነዋ!» አሉ ሽማግሌው፣ የማይጠየቅ ነገር የተጠየቁ ያህል ተገርመው። «አውራ ጣቱን ማር ነክሮ አጠባው። እኛ ተቀምጠን አየን። ልጁ ጠባ፣ ዋጠ። ካልዋጠማ ምኑን ልጅ ሆነ!»

የያዝሁትን መዝገብ ለማን እንደምሰጠው ጠፋኝ። እኔም በልጅነቴ የአንድ ሽማግሌ አውራ ጣት ማር ተነክሮ አፌ ገብቶ ያውቃል። አልዋጥሁትም እንጂ።

ያኔ ሰባት ዓመቴ ነው። የምንኖረው ቁሐር ሚካኤል፣ አያ አንለይ ግቢ ነበር። አያ አንለይ ዘመዳችን አይደሉም። ሚስታቸው ሞታለች፣ ልጅ የላቸውም። እናቴ ታይቱ ከአባቴ ስትፋታ እኔን አዝላ መጥታ እሳቸው ጋ ተጠጋች። ውሃ ትቀዳላቸዋለች፣ ታበስልላቸዋለች፣ እግራቸው ሲያብጥ በቅቤ ታሻቸዋለች። ልጅ ነኝና ይህን ሁሉ አላውቅም። ቤቱ የእኛ፣ እሳቸው ደግሞ ከቤቱ ጋር አብረው የተሰጡን ሽማግሌ ይመስሉኝ ነበር።

ከቤቱ በታች ሰፊ ማሳ ነበራቸው። ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ ሲወጣ ውሃው እዚያ ላይ ይተኛል። ድሮ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ረግረግ ነበር ይላሉ። ሩዝ አገሩን ከለመደው ወዲህ ግን ፎገራ ላይ ውሃ የሚተኛበት መሬት ያለው ሰው ጌታ ሆነ። አያ አንለይ ይህን ሲያወሩ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። «እንቁራሪት ብቻዋን የምታርሰው መሬት ነበር እኮ! አሁን የወንድሜ ልጅ ባየህ ሳይቀር ከአንበሳሜ ድረስ ጤናዬን ያስጠይቃል» ይላሉ። እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ፤ የሚያስቀኝ እንቁራሪቷ ሞፈር ስትይዝ እየታየችኝ ነው።

በዚያ ዓመት ፍልሰታን ለመጀመሪያ ጊዜ ጾምሁ። ልጆች ሆነን ነጠላችንን አጣፍተን፣ ጫማችንን በእጃችን ይዘን፣ በውሃው ውስጥ እየተንቦጫረቅን ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን። ከቀትር በኋላ ቅዳሴው ሲያልቅ እንቆርባለን። ውሃው ውስጥ አልቅት አለ፤ ስንደርስ መጀመሪያ የምናደርገው አንዳችን የሌላችንን ባት ማየት ነው። ከሁላችን አዋቂዋ መባ ነበረች፣ የቄስ ተክለ ማርያም ልጅ። በዓመት ትበልጠኛለች፣ የማታውቀው ነገር የለም።

«ሳትቆርቢ በፊት ምንም ነገር ከዋጥሽ ቁርባኑ ጉሮሮሽ ላይ እሳት ይሆናል» አለችኝ። «ደግሞ ትልልቅ ሰዎች ይፈትኑሻል። እኔን አምና አክስቴ ‹ጠላ ቅመሺልኝ› ብላ ፈተነችኝ። እምቢ አልሁ።»

«እኔንስ ማን ይፈትነኛል?»

«አይታወቅም» አለች መባ፣ ልክ እንደ አባቷ ጣቷን ወደ ላይ ቀስራ።

ከዚያ ወዲያ የሚያየኝን ሰው ሁሉ እጠረጥር ጀመር። እናቴ ጨው አንሶት እንደሆነ ቅመሺ ብትለኝ አልቀምስም። ምራቄን እንኳ እየቆጠብሁ ነበር የምውጠው።

ፈተናው አንድ ቀን ጠዋት ቤታችን ድረስ መጣ። ቄስ ተክለ ማርያምና አያ ሰውመሆን የሚባሉ ሽማግሌ እግራቸውን በሣር ጠርገው ገቡ፣ ሌሎችም ተከተሏቸው። አያ አንለይ ያን ሰሞን ታመው መደብ ላይ ውለው ያድራሉ፤ ጠዋት ጠዋት ግን ትንሽ ይሻላቸዋል። እናቴ ደግፋ አስቀመጠቻቸው። ቤቱ እርጥብ ጭቃና የሰው ትንፋሽ ይሸታል። እኔን ምሰሶው ሥር አቆሙኝ።

«አንለይ፣ ለምን በኑዛዜ አታደርገውም?» አሉ ቄሱ። «ይኸው እኛ አለን። ተናገር፣ እንሰማሃለን።»

«ኑዛዜ ይፈርሳል፣ አባ። የወንድሜ ኑዛዜ ወረታ ሄዶ ምስክር ጎደለው ተብሎ ሲሰረዝ አይቻለሁ። ልጅ ግን አይሰረዝም።»

«ልክ ነው፤ ልጅ አይሰረዝም» አሉ አያ ሰውመሆን።

ልጅ መሰረዝ ምን እንደሆነ ስላልገባኝ ፈራሁ። ወደ እናቴ ዞር አልሁ። ነጠላዋን እስከ አፏ ስባ ታለቅሳለች። ፈተናውን እወድቃለሁ ብላ የሰጋች መሰለኝ።

ዛሬ የዚያን ቀን ነገር ሳስበው እናደዳለሁ። አያ አንለይ የፈሩትን ወረቀት እኔ በሥራዬ በየቀኑ አየዋለሁ። አራት ሰው ፊት ተነብቦላቸው፣ ቀን ተጽፎበት፣ እሳቸውም ምስክሮቹም ቢፈርሙበት ኖሮ ማንም አይነቀንቀውም ነበር። የወንድማቸውን ኑዛዜ ያፈረሰው የአንድ ምስክር መጉደል ነው። ሰው ግን አንዴ ካየው ነገር ይሸሻል፤ እሳቸውም ከወረቀት ሸሽተው የሰባት ዓመት ልጅ ምላስ ላይ ወደቁ።

ማሩን በትንሽ ቅል አመጡት። አያ አንለይ አውራ ጣታቸውን ነከሩ። ጣቱ ስንጥቅጥቅ ያለ፣ ጥፍሩ የጠቆረ፣ እድሜውን ሙሉ ሞፈር የያዘ ነው። «ነይ ልጄ» አሉኝ። ቄሱ ማሩንም እኛንም ይባርካሉ። ጠጋ አልሁ፣ አፌን ከፈትሁ፣ ጣቱ ገባ።

ኧረ ያ ማር! እስካሁን እንደዚያ ያለ አልቀመስሁም። ምላሴ ላይ ቁጭ አለ። መባ ታየችኝ፣ ጉሮሮዬ ላይ የሚነደው እሳት ታየኝ። ከንፈሬን ግጥም አድርጌ ያዝሁ። እናቴ እልል አለች፣ ሽማግሎቹ ተነስተው መረቁ። «ከዛሬ ጀምሮ ‹አባ› በያቸው» አሉኝ። አፌ ሙሉ ነውና ራሴን ብቻ ነቀነቅሁ። «አይ፣ አፈረች!» ብለው ሳቁ።

ወጥቼ በጓሮ በኩል ሮጥሁ። ከግራዋው ሥር ጎንበስ ብዬ ተፋሁት። እንዳይቀር ብዬ የግራዋ ቅጠል ቀጥፌ ምላሴን ፈተግሁ፤ መራራው እንባዬን አመጣው። በዚያው ቀን ከቀትር በኋላ ቄስ ተክለ ማርያም ራሳቸው፣ በልጆቹ ግርግር ልብ ሳይሉኝ፣ አቆረቡኝ። ጉሮሮዬ አልተቃጠለም። ለመባ «ፈተኑኝ፣ አለፍሁ» አልኋት። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ብዙም ሳይቆይ፣ ፍልሰታ ገና ሳይፈታ፣ አያ አንለይ ሞቱ። ዝናብ እየዘነበ ተቀበሩ። ሰው ሁሉ አለቀሰ፣ እኔም አለቀስሁ፤ «አባ» ማለቱን ገና አልለመድሁትም ነበርና ሳለቅስም «አያ፣ አያ» እያልሁ ነበር። አንዲት ሴት ጎኔን ጎሸም አድርጋ «አባ በይ እንጂ!» አለችኝ።

ባየህ ከአንበሳሜ የመጣው ያኔ ነው። ጥቁር ጃንጥላ፣ የተወለወለ ቦት ጫማ፣ ለስላሳ ንግግር ያለው ሰው ነው። እንደ እሱ ያለ ደግ ሰው ያለ አልመሰለኝም። ከሁሉ ለይቶ እኔን አጠገቡ አስቀመጠኝና ከኪሱ ከረሜላ አወጣ።

«እንኪ የኔ ቆንጆ፣ ብዪ።»

«አልበላም፣ ጾመኛ ነኝ። ሳልቆርብ ምንም አፌ አይገባም።»

«በስመ አብ! በየቀኑ ነው የምትቆርቢ?»

«ፍልሰታ ከገባ አንድም ቀን አልቀረሁም» አልሁት።

ፈገግ አለ። ረጅም ጊዜ አየኝ። ከረሜላውን ኪሴ ከተተና «እንግዲያው ከቆረብሽ በኋላ ትበያዋለሽ» አለኝ። ስንቱ ነገር ለአንድ ከረሜላ ተዘክዝኮ እንደሚወጣ መቼ አውቄ!

በሰልስቱ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ዛፍ ሥር ሽማግሎች ተቀመጡ። ሴቶቹ በአንድ በኩል ቆመዋል፣ እናቴም እዚያ አለች። እኔ ከልጆች ጋር ጭቃ ላይ ነኝ። ነገሩ ስለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ስለ ተዝካሩ የሚመካከሩ መስሎኛል። ቄስ ተክለ ማርያም ተነስተው ተናገሩ፣ አያ ሰውመሆን ተናገሩ። በመጨረሻ ባየህ ጃንጥላውን አጥፎ ቆመ።

«እኔ አጎቴ የወደደውን አልጠላም» አለ። «የጡት ልጁ ናት ካላችሁ ናት፤ ቤቱም ማሳውም የእሷ ነው፣ እኔ እንደ እንግዳ በመጣሁበት እመለሳለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይገለጽልኝ። ማሩን ጠዋት ነው የቀመሰችው ብላችኋል። ጊዜው ጾም ነው። ልጅቱ ደግሞ ‹አንድም ቀን ሳልቆርብ አልቀረሁም› ብላ በገዛ አፏ ነግራኛለች። ታዲያ ማር ውጣ ነው የቆረበች? ቄስ ተክለ ማርያምስ እያወቁ ነው ያቆረቧት?»

ቄሱ ጢማቸውን ያዙ። አያ ሰውመሆን ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ መልሰው ደፉት። በዳኝነት የተቀመጡት ሽማግሌ «እስኪ ልጅቱ ትጠራ» አሉ።

ጠሩኝ። መሀል ላይ ቆምሁ።

«እየሩስ፣ ልጄ፣ ሚካኤል ፊት ነሽ፤ እውነቱን ተናገሪ» አሉኝ። «አያ አንለይ ያጠቡሽን ማር ዋጥሽው ወይስ አልዋጥሽውም?»

በቃ፣ የፈተናው ውጤት የሚነገርበት ቀን ደረሰ አልሁ በልቤ። ያ ሁሉ ሰው የተሰበሰበው እኔ ጾሜን መጠበቄን ሊሰማ ነው! መባን በዓይኔ ፈለግኋት፤ እዚያው አለች። ዳዊት እንደሚደግም ሰው ደረቴን ነፋሁ።

«አልዋጥሁም!» አልሁ። «አፌ ውስጥ ያዝሁትና ሄጄ ከግራዋው ሥር ተፋሁት። ምላሴንም ጠረግሁት። ከዚያ ነው የቆረብሁት!»

አንድ ሰው ሊስቅ ጀመረና ተወው። ቄስ ተክለ ማርያም አማተቡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ስለ እኔ እግዚአብሔርን እያመሰገኑ ነው አልሁ። ባየህ መጥቶ ራሴን ደባበሰኝ። «ጎበዝ! እንዲህ ነው እንጂ ጾመኛ!» አለኝ። እናቴ መሬት መሬት ታያለች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላል የአገራችን ሰው። የእኔ አፍ ማምለጡን ሳላውቅ ሃያ ዓመት አለፈ።

ሽማግሎቹ ሲመካከሩ ዋሉና «ታይቱ ሽማግሌውን ጦራለች፤ ለድካሟ አንዲት ጊደር ይሰጣት» አሉ። ቤቱና ማሳው ለባየህ ሆነ። እኔ የሰማሁት ግን ጊደሯን ብቻ ነው። ሽልማቴ መሰለችኝ። ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት ቀይ የፎገራ ጊደር ነበረች፣ አቤት ስታምር! ጊደሯን እየነዳን፣ እናቴ ልብሳችንንና ድስቶቹን በነጠላ ቋጥራ ተሸክማ፣ በውሃው መሀል ወደ ወረታ ወጣን። ለጾመኛ ልጅ ከተማም ይሰጠዋል ማለት ነው አልሁ።

«እማ፣ ጎበዝ ነኝ አይደል?» አልኋት መንገድ ላይ።

«ጎበዝ ነሽ» አለች። እግሯን የምታስቀምጥበትን ታያለች፤ ጭቃው ያንሸራትታል።

ጊደሯ ከተማ ሳትለምድ ተሸጠች፣ የቤት ኪራይ ሆነች። እናቴ ሩዝ መፈልፈያ ቤት ተቀጠረች። ገለባውን መንፋት፣ የተሰባበረውን ከደህናው መለየት፣ ማታ አቧራውን እየሳለች መግባት። ያንን ሥራ ስትሠራ ነው ያስተማረችኝ። እኔ ደግሞ የማሩን ታሪክ ለሰው ሁሉ አወራለሁ። ትምህርት ቤት አወራሁት፣ ሥራ ቦታ አወራሁት፣ ፍልሰታ በገባ ቁጥር ቤታችን የመጣ እንግዳ አያመልጠኝም፦ «እኔ እኮ በሰባት ዓመቴ ማር አፌ ውስጥ ገብቶ ያልዋጥሁ ሰው ነኝ!» እናቴ አጠገቤ ሆና ትሰማለች። ትሰማና «አዎ፣ አልዋጠችም» ትላለች።

ባየህ ካቻምና ሞተ። ልጆቹ በዚያው ማሳ ሲካሰሱ መዝገባቸውን የከፈትሁት እኔ ነኝ፣ ቁሐር ሚካኤል የሚለውን በእጄ ጽፌ። ምንም አልመሰለኝም። ሌላው ሁሉ እንደሚመጣው መጥተዋል፣ ተሳድበዋል፣ ሄደዋል።

ሽማግሌው የመሰከሩ ዕለት ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ ቤት ገባሁ። እናቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ሰፌድ ላይ ሩዝ ትለቅማለች። ከሩዝ መፈልፈያው ቤት ከወጣች ቆይታለች፤ ጣቷ ግን አርፎ መቀመጥ አይችልም። ቦርሳዬን ሳላወርድ አጠገቧ ቁጭ አልሁ።

«እማ፣ የአያ አንለይ መሬት በእኔ አፍ ነው የሄደው?»

ቀና አላለችም። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ችሎት ላይ ሰማሁ።»

«እዚያ ደግሞ የማይሰማ ነገር የለ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? ልጅ ነበርሽ። ደግሞስ ምን አጠፋሽ ብዬ ነው የምነግርሽ?» ጠጠር አግኝታ ወረወረች። «ያን ዕለቱን አውቄው ነበር እኮ። ጓሮ ስወጣ ከግራዋው ሥር ጉንዳን ክምር ብሏል። ምንድን ነው ብዬ ጎንበስ ስል ማር! አዬ ጉዴ አልሁ። ጾሙ ይውጣና እንደገና ይደረጋል ብዬ ዝም አልሁ። ሽማግሌው አልቆዩልኝም።»

እንዲህ አድርጋ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

«ባየህ ነገር ማሽተቱን ቄስ ተክለ ማርያም ሰምተዋል። በሰልስቱ ዋዜማ አጥር ሥር ጠሩኝ። የማሩን ነገር ነገርኋቸው። ‹ልጅቱን ምከሪያት፣ ዋጥሁ ትበል። ውላ አድራ ትረሳዋለች። ማር የቀመሰችን ልጅ በማቁረብ የሚመጣውን ኃጢአት እኔ እሸከማለሁ› አሉኝ። ነፍሳቸውን ይማር፣ ለእኛ ብለው እኮ ነው።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«እሺ አልኋቸዋ! ምን ልበል? ሜዳ ላይ ልንወድቅ ነው።» እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ። «በነጋታው ጠዋት ልመክርሽ ወጣሁ። ደጅ ቆመሽ ፊትሽን ትታጠቢያለሽ። በአንድ እጅሽ ውሃውን ትረጪያለሽ፣ በሌላው አፍሽን ግጥም አድርገሽ ይዘሻል፤ ጠብታ እንዳይገባብሽ። ዓይንሽን ጨፍነሽ! ቆሜ አየሁሽ። ‹እየሩስ› ብዬ ልጠራሽ አልሁና ተውሁት። ተመልሼ ገባሁ።»

እንባዬ መጣ። አልደበቅሁትም፣ እንደ ልጅ ሆኜ አለቀስሁ። እሷ አላባበለችኝም፣ ሩዟን መልቀም ጀመረች።

«አይቆጭሽም፣ እማ?» አልኋት ቆይቼ።

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? መሬት እኮ ነው!» አለች፣ ተቆጥታ ማለት ይቻላል። «እንዴት አይቆጨኝ! ኅዳር መጥቶ ያ ሩዝ በጋሪ ሲጫን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይቃጠላል። የሰው ሩዝ ስነፋ ነው ያረጀሁ። ይቆጨኛል፣ እስክሞት ይቆጨኛል።» ሰፌዱን ጉልበቷ ላይ አደላድላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። «ግን ያን ጠዋት መልሰው ቢያመጡልኝ፣ አሁንም አልጠራሽም።»